ስልኩ ሳይቀድመን

ላሊበላ፣ ኅዳር 12 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለአክስቴ ልጅ ለደግሰው የበኩር ልጅ፣ ለአዝመራው፤

ከዚህ ስትወጣ የሸኘህ አምላክ አሁንም ከፊትህ ይቅደም። በሰው አገር መወደድን ይስጥህ።

ከዚህ ቀጥሎ «እኔ ደህና ነኝ» ተብሎ እንደሚጻፍ አውቃለሁ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ያስተማሩን እንደዚያ ነው። ልጽፈው አልኩና እጄ ቆመ። ዘልዬዋለሁ።

ልጄ ሰውአገኝ ሞተ። ጥቅምት ላይ ከኩልመስክ ሲመለስ የተሳፈረበት መኪና ገደል ገባ። አብረውት ከነበሩት የሞተው እሱ ብቻ ነው። በማግስቱ ከአባቱ ጎን ቀበርነው። ካህናቱ ለዲያቆን የሚገባውን ሁሉ አድርገውለታል። ሰው በጣም ብዙ ነበር ይላሉ፤ እኔ አላየሁም።

አንተንም በወረቀት ማርዳቴ ነውር ነው። የአባትህ ወገን ቢሰማ ይወቅሰኛል። ግን ወደ አንተ የምልከው ሰው የለኝም። የሰው ስልክ ተውሼ ልደውል ብልም ድምፄ አይወጣም። አስቀድሜ ቁጭ በል ልልህ ይገባኝ ነበር፤ አሁን ግን ጽፌዋለሁ። ይቅር በለኝ።

የጻፍኩልህ እዚያ አንተ ያለህበት ከተማ ላለችው ለልጄ ለትሁን ጉዳይ ነው። እህቱ አልሰማችም። በተቀበረ በሳምንቱ በጎረቤቴ በትርንጎ ስልክ ደወለች። ትርንጎን ታውቃታለህ፤ ሆቴል ውስጥ አልጋ የምታነጥፈዋ ናት። «የሰውአገኝ ስልክ ለምን ተዘጋ?» ስትላት ትርንጎ በድንጋጤ «ዋድላ ቅኔ ሊቆጥር ሄደ፤ ከኮን ወዲያ ነው፤ መምህሩ ስልክ አያስይዙም» አለቻት። ትሁን ደስ አላት። «ጎሽ! ቀኑን ሙሉ ስልኩ ላይ ዘፈን ከሚጭን ቅኔ ይቁጠር» ብላ ሳቀች። እኔ ከትርንጎ አጠገብ ቆሜ አፌን በነጠላዬ ይዤ ነበር።

ልጄ፣ ያለችው በሰው ቤት ነው፤ ብቻዋን። አሠሪዎቿ ሲወጡ በሩን ከውጭ ይቆልፉባታል። እዚያ ውስጥ ሆና ብትሰማ ማን ይይዛታል? ስለዚህ የምለምንህ ይህን ነው። መርዶዋ እንደ አገራችን ይሁንላት። የወሎን ሰው ሰብስብ። ፀሐይ ሳይወጣ፣ ሥራ ሳትጀምር፣ ሁላችሁም አንድ ላይ ሂዱላት። ትልቅ ሰው ይናገር። በግራና በቀኝ የሚይዟት ሴቶች ይኑሩ። አልቅሳ እስኪወጣላት ማንም «በቃሽ» አይበላት። ከሰው አፍ ትስማው። ከወረቀት አትስማው፤ ከስልክም አትስማው።

መልስህን በትርንጎ ሆቴል የፖስታ ሳጥን ቁጥር ላክልኝ። እኔ ስጽፍ ቀርፋፋ ነኝ፤ አንተ ግን ፈጣን ነህና አታዘግይብኝ።

አክስትህ ይማርሽ

*

ዱባይ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለእትዬ ይማርሽ፤

እግዚአብሔር ያጽናዎ። የሰውአገኝን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። እርስዎን ለማጽናናት የሚበቃ ቃል የለኝም። ሰውአገኝን የማስበው በአንድ ጥምቀት ከበሮው ከራሱ በልጦበት እየጎተተው ሲሄድ ነው። «ልያዝልህ?» ስለው «ይሄ እኮ የኔ ተራ ነው!» ብሎ ተቆጣኝ።

ደብዳቤውን ሳነብ ቁጭ ብዬ አልነበረም። መሰላል ላይ ነበርኩ። የእጅ ጽሕፈትዎን ሳይ መውረድ እንኳ አላስቻለኝም፤ እዚያው ቀደድኩት።

መሰላል ላይ ምን ታደርጋለህ ይሉኝ ይሆናል። የምሠራበት የስልክ ሱቅ ደይራ በሚባል ሰፈር ነው። አዲስ ስልክ ሊወጣ ነው። ገና ማንም አላየውም፤ ግን ከተማው ሁሉ ስለሱ ያወራል። የሱቁን መስኮት በጥቁር ጨርቅ ሸፍነን «ከጨርቁ ጀርባ ምን አለ?» የሚል ጽሕፈት ለጠፍን። ከጨርቁ ጀርባ ምንም የለም፣ እትዬ፤ ባዶ ካርቶን ነው። ሙዲሩ፣ አለቃችንን እንደዚያ ነው የምንጠራው፣ «ሰው አጥብቆ የሚመኘው ያላየውን ነው» ይላል። የመውጫውን ቀን ከኛ እንኳ ይደብቀዋል።

ስልኩ ፊት ያሳያል። የሚደውለውና የሚደወልለት እየተያዩ ያወራሉ። እንዲህ የሚያሳዩ ስልኮች አሁንም አሉ፤ ይሄኛው ግን ኔትወርክ በደከመበት አገርም ያሳያል ነው የሚባለው። ዓርብ ዓርብ ወደ ሰፈራችን የሚመጡ የአገራችን ልጆች ብዙ ስለሆኑ ሙዲሩ ማስታወቂያውን በአማርኛ እንድጽፍ አዘዘኝ። ጻፍኩት። «እህቴ ሆይ፣ ድምፅ ብቻ መስማት ይብቃሽ። የእናትሽን ፊት እዪ።» ብዙ ታተመ። መንገድ ላይ ቆሜ የማድለውም እኔው ነኝ።

ትሁን ባለፈው ዓርብ ከእትዬ ጀውሀራ ጋር መጣች። እትዬ ጀውሀራ የከሚሴ ሰው ናቸው፤ እዚህ ያለነውን የወሎ ልጆች ሁሉ እንደ እናት የሚያዩ ናቸው። ትሁን ወረቀቱን ከእጄ ነጥቃ አነበበች።

«አዝሜ፣ ይሄን አንተ ነህ የጻፍከው?»

«አዎ።»

«አንተ ውሸታም! እውነት የእማን ፊት ያሳየኛል?»

«ያሳያል» አልኳት።

«በል ቀብድ ተቀበለኝ። ለእማ ነው የምልክላት። ሰውአገኝም ከዋድላ ሲመለስ ጢም አብቅሎ እንደሆነ አየዋለሁ። ሳያበቅል ቢመጣ ግን ቅኔው አልገባውም ማለት ነው!»

ደብዳቤዎ ያን ጊዜ ኪሴ ውስጥ ነበር። ቀብዱን ተቀበልኳት። ምን ልበል እትዬ? ሰው በተሰበሰበበት ገበያ መሐል ልነግራት አልቻልኩም፤ እምቢ ብላት ደግሞ ምክንያት ትጠይቀኛለች።

ለእትዬ ጀውሀራና ለጋሽ ሸዕባን ነግሬያቸዋለሁ። ጋሽ ሸዕባን የወገል ጤና ከተማ ሰው ናቸው፤ በዕድሜ ከሁላችንም ይበልጣሉ። እሳቸው ይናገራሉ። ችግሩ በጠዋት ወደምትሠራበት ቤት መሄድ አይቻልም፤ ዘበኛው አያስገባንም። እሷ የምትወጣበትን ዓርብ መጠበቅ አለብን። ስልኩ የፈረንጆች አዲስ ዓመት ካለፈ በኋላ ይወጣል ይላሉ። ከዚያ በፊት እንነግራታለን።

ልጅዎ አዝመራው

*

ላሊበላ፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለልጄ ለአዝመራው፤

በሥራህ የሚባርክህ፣ በመንገድህ የሚመራህ እግዚአብሔር አይለይህ። ደብዳቤህ ደርሶኛል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ከዚያ ለቄስ ገብረ ሊባኖስ አስነበብኩት፤ በትክክል ያነበብኩት አልመሰለኝም ነበር።

ያን ቀብድ መልስላት።

ለምን እንደሆነ ልንገርህ። እኔን ያየኸኝ ከብዙ ጊዜ በፊት ነው። አሁን ጥቁር ለብሻለሁ። ራሴን ተላጭቻለሁ። በቀብሩ ዕለት ጉንጬን በጥፍሬ ቧጭሬው ጠባሳው እስካሁን አልጠፋም። ትርንጎ ቅባት ታመጣልኛለች፤ አልቀባም። እኔን ለአንድ አፍታ ያየ ሰው ማን እንደሞተ ብቻ ነው የሚጠይቀኝ። ትሁን ደግሞ አትጠይቅም፤ ታውቃለች። ከኔ በቀር ያላት እሱ ነዋ።

አንተ ያልከው ስልክ መጥቶ ከፊቴ ቢያቆሙት ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ብጎትተው እንኳ ዓይኔን ታያለች። ድምፄን መደበቅ ችያለሁ። ጉንፋን ነው እላለሁ፤ ትርንጎን ተናገሪ እላለሁ። ፊቴን በምን ልደብቀው? እስካሁን ስልክ ከሩቅ ያለ ሰው ማየት የሌለበትን ይደብቅልን ነበር። አሁን ግን እንደ ጎረቤት ዘው ብሎ ሊገባብን ነው።

ስለዚህ ስልኩ እንዲዘገይ ለእመቤቴ ለማርያም ጥላ ተሳልኩ። ለቄስ ገብረ ሊባኖስ ብነግራቸው ሳቁብኝ።

«ይማርሽ፣ እመቤታችን የስልክ ሱቅ አላት እንዴ?» አሉኝ።

«ሁሉ የሷ ነው» አልኳቸው።

«በስለት ስልክ ሲዘገይ አልሰማሁም።»

«እርስዎ መች ስልክ ተስለው ያውቃሉ!» አልኳቸው። ከሞተ ወዲህ ያን ጊዜ ነው ጥርሴን ያዩት።

ገና ደርሷል። እንግዳው ከየአገሩ በእግሩ እየገባ ነው፤ ደጁ ሁሉ ሞልቷል። ለበዓሉ ማሜ ጋራ ላይ ቆመው «ቤዛ ኩሉ» የሚዘምሩትን ዲያቆናት ከደጄ ሆኜ ሲያጠኑ እሰማለሁ። አምና ሰውአገኝ ከላይ ከቆሙት መሐል ነበር። ነጭ ልብሱን አጥቤ አስቀምጬዋለሁ። ለሌላ ድሃ ዲያቆን ስጪው አሉኝ። እሰጣለሁ፤ ዘንድሮ ግን አልሰጥም።

እባክህ ቀብዱን መልስ። እሱ ካልሆነልህ ቶሎ ንገሯት። ሁለቱም ካልሆነ ስልኩን እዚያው አስቀርልኝ።

ይማርሽ

*

ዱባይ፣ የካቲት 2 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለእትዬ ይማርሽ፤

በዓሉን በደህና እንዳሳለፉ ተስፋ አደርጋለሁ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ተውኩት። እመቤታችን ታበርታዎ።

ስለትዎ የደረሰ ይመስለኛል። ስልኩ ዘግይቷል። ፋብሪካው በመጨረሻ ሰዓት አንድ ነገር አልጣመውም አሉና መውጫው ወደ ፊት ተገፋ። ሙዲሩ ጠጉሩን ሊነጭ ምንም አልቀረው። «ምን ነካቸው? ማን ረገመኝ?» እያለ ሱቁን ይዞራል።  ላስታ ውስጥ አንዲት እናት ጥላ ተሳሉብህ ብዬ አልነግረው ነገር።

ቀብዱን ልመልስላት ሞከርኩ። «ስልኩ ገና ብዙ ይቆያል፤ ገንዘብሽን ውሰጂ» አልኳት። «አልቸኩልም» አለችኝ። እኔ ነኝ የምቸኩለው፣ እትዬ።

ልንነግራት ያሰብነው ዓርብ ግን አልሆነም። አሠሪዋ ወለደች። ከዚያ ወዲህ ትሁን ከቤት አልወጣችም። ሕፃኑን የምትይዘው እሷ ናት። በስልክ ብቻ እንገናኛለን። ለአሠሪዋ «ሌላ ዕረፍት አልፈልግም፤ ስልኩ የሚወጣበትን ቀን ብቻ ከማለዳ ጀምሮ ስጪኝ» ብላ ቃል አስገብታታለች። ቀኑ አሁን ታውቋል፤ መጋቢት 19፣ ዓርብ።

አንድ ነገር ልደብቅዎ አልፈልግም። የገና ዕለት ትሁን በአሠሪዋ ቤት ቴሌቪዥን ላሊበላን አየች። ወዲያው ደወለችልኝ። ትጮሃለች።

«አየሁት! አዝሜ፣ ሰውአገኝን አየሁት!»

«የት?» አልኳት። 

«ማሜ ጋራ ላይ! ከላይኛው ረድፍ፣ ከዳር። ለገና ከዋድላ መጥቷል ማለት ነው! ከስቷል። ቅኔው አጥንቱን አውጥቶታል። ግን ሲያሸበሽብ ያው ነው፤ ትከሻውን ያወዛውዛታል። እማ አጠገቡ ሆና እያየችው ይሆናል። እልል በልልኝ እንጂ!»

እልል አልኩላት። ስልኩን ስዘጋ ጋሽ ሸዕባን «ምን ሆነሃል?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ከዚህ በላይ ማቆየት ኀጢአት ነው» አሉ።

ስለዚህ እንዲህ አስበናል። መጋቢት 19 ስልኳን ተቀብላ፣ ደስ ብሏት፣ እትዬ ጀውሀራ ቤት እንወስዳትና ቁርስ ካበላናት በኋላ እንነግራታለን።

አዝመራው

*

ላሊበላ፣ የካቲት 22 ቀን 2006 ዓ.ም.

አዝመራው፤

ሰላምታውን ለሌላ ቀን አቆየዋለሁ።

አይሆንም። ደስ ካላት በኋላ አይሆንም። ስልኩን ታቅፋ እየሳቀች ስትመጣ አትንገሯት። ዕድሜ ልኳን ያን ስልክ ባየች ቁጥር ያን ሳቋን ታስታውሳለች፤ እኔንም እናንተንም ትረግመናለች። አብልታችሁም አትንገሯት። አብልቶ የሚያረዳ የት አገር አይታችኋል?

ስልኩ አይቅደማችሁ። እናንተ ቅደሙት። ጀውሀራ በማለዳ ትቀበላት፣ በቀጥታ ወደ ቤቷ ትውሰዳት፣ እናንተ አስቀድማችሁ ተሰብሰቡና ጠብቋት።

ትሁን ገና ላይ ያየችው ልጅ ማን እንደሆነ ጠየቅሁ። ከገነተ ማርያም የመጣ ዲያቆን ነው። የሰውአገኝን ልብስ ለሱ ሰጠሁት።

ይማርሽ

*

ዱባይ፣ መጋቢት 23 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለእትዬ ይማርሽ፤

እግዚአብሔር ጾሙን ያስፈጽምዎ። ትሁን ሰምታለች። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት እንዳይጨነቁ ነው። አሁን እትዬ ጀውሀራ ቤት ናት። ጋሽ ሸዕባን የአሠሪዋን ባል አነጋግረውላት ጥቂት ቀን ፈቅዶላታል።

እንዴት እንደሆነ ግን ልነግርዎ ይገባል። እርስዎ እንዳዘዙት አልሆነም።

ሁሉን አዘጋጅተን ነበር። የወሎ ሰው ከያለበት ተጠራ። እትዬ ጀውሀራ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ሊቀበሏት፣ እኛ ቤታቸው ሆነን ልንጠብቅ። ዋዜማውን ግን ሙዲሩ ሠራተኞቹን ሰበሰበና «ነገ ፎቶ አንሺዎች ይመጣሉ። ሱቁ ሳይከፈት ሰልፉ መንገዱን መሙላት አለበት። እያንዳንዳችሁ የአገራችሁን ሰው ይዛችሁ ኑ» አለ። ለሚመጣው ሁሉ የስልኩ ስም የተጻፈበት ካናቴራ ሰጠን። ጥቁር ነው። የመስኮቱ ጨርቅ ጥቁር፣ ካናቴራውም ጥቁር።

ሥራዬን ፈራሁ፣ እትዬ። እነ ጋሽ ሸዕባንን «በጣም በማለዳ ኑ፤ ትንሽ ቆማችሁ ፎቶ ተነሡ፤ ከዚያ ወደ እትዬ ጀውሀራ ቤት እንሄዳለን፤ ትሁን የምትመጣው ቆይታ ነው» ብዬ ለመንኳቸው። እሺ አሉኝ። ከሱቁ ጀርባ ካለው መጋዘን ካናቴራውን አለበስኳቸው። ብርድ ስለነበር ሴቶቹ ነጠላቸውን ከላይ ደረቡበት። ጋሽ ሸዕባን ከፊት፣ እኔ ከጎናቸው፣ ሌላው ሰው ከኋላ ሆነን ወደ ሱቁ ፊት ዞርን። ገና አልነጋም ነበር።

ትሁን ከሰልፉ መጀመሪያ ላይ ቆማለች።

የአሠሪዋ ሾፌር ለሌላ ጉዳይ ሲወጣ በዚያው አምጥቷት ነው። እትዬ ጀውሀራ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ሲጠብቋት እሷ አንደኛ ሆና ተሰልፋለች። ስታየን ፊቷ በራ። «አዝሜ!» ብላ እጇን አነሳች። ከዚያ ከኋላዬ ያሉትን አየች። እጇ እንደተነሳ ቀረ።

እትዬ፣ እርስዎ ቆመው ቢያዩን ምን ይሉ እንደነበር አውቃለሁ። የአገሯ ሰው ሁሉ፣ ጥቁር ለብሶ፣ ጎሕ ሳይቀድ፣ ሽማግሌ ከፊት አስቀድሞ ወደሷ እየመጣ ነው። አንዲት የፊሊፒን ልጅ ብታየን ለስልክ የመጣን ነው የምንመስላት። ትሁን ግን የላስታ ልጅ ናት።

«ለምንድነው ሁላችሁም?» አለች።

ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«ጋሽ ሸዕባን፣ እርስዎ ለምን መጡ? እርስዎ እኮ ስልክ አይወዱም።»

ጋሽ ሸዕባን ወደኔ አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው «ነይ ልጄ፣ ወደ ቤት እንሂድ» አሏት።

«ማን ነው? እማ ናት?»

«እናትሽ አለች። ወላሂ አለች።»

ከዚያ በኋላ ልትጠራው የቀራት አንድ ስም ብቻ ነበር። ጠራችው። መሬት ሳትደርስ ሴቶቹ ያዟት፤ በግራም በቀኝም ነበሩ። እኛም ከሷ ጋር ጮህን። ዘበኞቹ ለተራ የተጣላን መስሏቸው ሮጡ። ፎቶ አንሺዎቹ ደግሞ ለስልኩ የምናለቅስ መሰላቸው፤ መብራታቸው ከበበን። ሙዲሩ በደስታ በሩን አስከፈተ። የመጀመሪያውን ስልክ በሁለት እጁ ይዞ ወጣና እጇ ላይ አኖረላት። እሷ የያዘችውን አላወቀችም፤ ደረቷን ስትመታ ካርቶኑም አብሮ ይመታት ነበር።

ጋሽ ሸዕባን ሙዲሩን ክንዱን ይዘው በዐረብኛ ነገሩት። እትዬ፣ ለዚያ ቀን ስንት ወር የተዘጋጀ ሙዚቃ ነበር። አስጠፋው። ፎቶ አንሺዎቹን ራሱ ገፍቶ አስወጣቸው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ከፊቷ ቆመ፤ ወንበርም አስመጣላት።

እትዬ ጀውሀራ እየሮጡ ደረሱ። «አብሽሪ የኔ ልጅ፣ አልቅሺ፣ አለሁልሽ» እያሉ ወደ ቤታቸው ወሰዷት። ማንም «በቃሽ» አላላትም። እሱን እንዳዘዙት አድርገናል።

ከሰዓት በኋላ ድምፇ ሲደክም መቼ እንደሆነ ጠየቀችን። ነገርናት። ወሩን በጣቷ ቆጠረችና «ታዲያ ገና ላይ ያየሁት ማን ነው?» አለች።

 እርስዎ ነግረውኝ ነበር፤ እኔ ግን አፌን ያዘኝ።

ያን ማስታወቂያ በመጻፌ አፍራለሁ። የተረፈውን ወረቀት ከሱቁ አንሥቼ ጥዬዋለሁ።

አዝመራው

*

ላሊበላ፣ ግንቦት 9 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለልጄ ለአዝመራው፤

ትንሣኤውን ያሳየን አምላክ አንተንም ለአገርህ ያብቃህ። ከብዙ ወር በኋላ በእርጋታ የምጽፈው ደብዳቤ ይህ ነው፤ ቢረዝምብህ ታገሠኝ።

ሸዕባን ከዱባይ መጡ። ወገል ጤና ከቤታቸው ሳያርፉ ወደኔ መጡ። ከደጄ ቆመው አለቀሱልኝ፤ እኔም አለቀስኩ፤ ጎረቤቱ እንደ አዲስ ተሰበሰበ። ሲረጋጋ ከሻንጣቸው በጥቁር ካናቴራ የተጠቀለለ ካርቶን አወጡ።

«ይሄን ነገር ለምን አመጡብኝ?» አልኳቸው።

«እኔ ስልክ አልወድም» አሉኝ። «ልጅሽን ግን እወዳታለሁ። ‹እማ እጅ አድርሱልኝ› አለችኝ።»

ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ብዙ ቀን አልነካሁትም። ትርንጎ በየቀኑ «እትዬ፣ እንክፈተው እንጂ» ትላለች፤ እኔ ዛሬ በዓል ነው፣ ዛሬ ገበያ ነው እላለሁ። መርዶውን ሰምታ ሳለ ምን እንደምፈራ አላውቅም ነበር። ኋላ ሳስበው የፈራሁት «ለምን ደበቅሽኝ?» እንዳትለኝ ነው። ያን በድምፅ ብትለኝ እችለዋለሁ። ፊቷን እያየሁ ግን አልችልም።

በመጨረሻ ትርንጎ ሆቴሉ ዋይፋይ የሚሉት ስላለው ወደዚያ ወሰደችኝ። ፊቴን ታጠብኩ። ያልተለበሰ ነጭ ነጠላ ነበረኝ፤ እስከ ግንባሬ ሳብኩት። የተላጨ ራሴን እንዳታይ፣ በሰው አገር እንዳትጨነቅብኝ ብዬ ነው። ትርንጎ አንዱን ነካ፣ አንዱን ነካ አደረገችና ከፊቴ ያዘችልኝ።

ትሁን ስልኩ ላይ ወጣች። ሻሽ አስራለች። ከሄደች ወዲህ ትልቅ ሴት ሆናለች፤ ዓይኗ ግን ያው ነው። «እማ» አለችኝ።  ከዚያ እጇን ወደ ራሷ ሰደደችና ሻሿን አወረደችው።

ተላጭታለች። ያን እኔ ስጎነጉነው ያደገውን ጠጉር ተላጭታዋለች። ጉንጯም እንደኔ ነው።

እኔም ነጠላዬን አወረድኩ።

 እሷ እዚያ፣ እኔ እዚህ ሆነን አለቀስን። ትርንጎ እጇ እስኪዝል ያዘችልን። መሐል ላይ ትሁን አፏን እንደከፈተች ቀጥ አለች፤ ዓይኗ አይንቀሳቀስም። ጮህኩ። ሆቴሉ ሁሉ ሮጠ። «ኔትወርክ ነው፣ እትዬ! ኔትወርክ ነው!» ትለኛለች ትርንጎ፤ እኔ አልሰማትም። ተመለሰች። ስትመለስ «እማ፣ ለምን ጮህሽ? እዚህ ነኝ እኮ» አለችኝ። «ለምን ደበቅሽኝ?» አላለችኝም። ቀን አለ፤ ልትለኝ ትችላለች።

ከዚያ ያ የገና ልጅ ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። የሰውአገኝን ልብስ ለሱ እንደሰጠሁትም ነገርኳት። «በሚቀጥለው ገና አሳዪኝ» አለችኝ።

ጥላዬን አስገብቻለሁ። ቄስ ገብረ ሊባኖስ «ይማርሽ፣ ስልኩ መጣ እኮ፤ ይሄ ለየትኛው ስለት ነው?» አሉኝ። «ዘግይቷል፤ እሱን ነው የተሳልኩት» አልኳቸው። ተቀበሉኝ።

ስለዚያ ወረቀት አፍራለሁ ብለኸኛል። አትፈር፤ የጻፍከው እውነት ነው። ደግመህ ከጻፍከው ግን እናትም የልጇን ፊት እንደምታይ ጨምርበት። ያን ያህል አልጠበቅሁም ነበር።

«ደህና ነኝ» የሚለውን አሁንም አልጻፍኩትም። ትሁን ፊቴን አይታዋለች፤ ከእንግዲህ እሷም እኔም መዋሸት አንችልም። አንተ ግን እንዴት ነህ?

አክስትህ ይማርሽ